አፍ ከመፍታት እስከ መጃጀት፤ በአራዳ ሰፈር ስለ አእምሮና ስለ ቋንቋ ዕድገት የቀረበ አጭር ጽሑፍ

የሰው አእምሮና ቋንቋው ከሕፃንነት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚመረምረውን የሥነ ልቡና ክፍል በኮሌጅ የምንማረው ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነው። ስለዚህም ብዙ ተማሪ ነገሩን ሁሉ ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ አድርጎ ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን አማርኛችን ለዚሁ ነገር የራሱ ስሞች አሉት። ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል፤ ክፉና ደጉን ሲለይ «ነፍስ አወቀ»፤ የወጣትነት ችኮላው አልፎ ሲረጋ «ልብ ገዛ»፤ አርጅቶ ነገር ሲምታታበት ደግሞ «ጃጀ»። እያንዳንዱ ቃል ስለ ሰው አእምሮ አንድ አስተያየት በውስጡ የያዘ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነዚህን ቃላት ከዛሬው ጥናት ጋር እያመሳከሩ፥ በምን በምን ትክክል እንደ ሆኑና በምን በምን እንደሚያሳስቱን መመልከት ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድሁት በአብዛኛው ከምኖርበት ከአራዳ፥ ማለት ከፒያሳ አካባቢ ነው።

ሰፈሩን የመረጥሁት ለቤቴ ቅርብ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። አራዳ የቦታ ስም መሆኑ ቀርቶ የአእምሮ መለኪያ ስም እስከ መሆን የደረሰ ነው። የከተማው ትልቅ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ እስኪዛወር ድረስ የሚቆመው በዚሁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከጊዜ ብዛት «አራዳ» ማለት ነገር ቶሎ የሚገባው፥ የማይታለል ሰው ማለት ሆነ፤ ተቃራኒውም «ፋራ» ተባለ። እንግዲህ በፒያሳ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ፥ ማን ብልህ ማን ሞኝ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ እንደ ነበርሁ ወደ ኋላ አወሳለሁ።

አፍ መፍታት የሚለው አነጋገር የሕፃኑ ምላስ ታስሮ ቆይቶ አንድ ቀን እንደ ተፈታ ያስመስላል። እውነቱ ግን ሥራው የሚጀመረው የመጀመሪያው ቃል ከመሰማቱ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ሊቃውንት በካናዳ አድርገውት በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፥ ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ልጆች በቤታቸው ፈጽሞ የማይሰሙትን የባዕድ ድምፅ ልዩነት ይለያሉ። ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ግን አብዛኞቹ አይለዩትም። ይኸን ወደ እኛ አምጥተን ብናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። «መጣ»ና «መታ» ለኛ ጆሮ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ናቸው፤ ጐልማሳ ሆኖ አገራችን የገባ እንግዳ ግን ለይቶ ለመስማት እንኳ ይቸገራል። እሱም ሕፃን ሳለ ይለያቸው ነበር ማለት ነው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በገበያ የሚያልፈው ጨቅላ ምንም ሳይናገር «ጠ»ን ከ«ተ»፥ «ቀ»ን ከ«ከ» እየለየ፥ የሰፈሩ ሰው የማይጠቀምበትን ልዩነት ሁሉ ደግሞ እየጣለ ነው። ስለዚህ አፍ ከመፈታቱ በፊት ጆሮ ይታሰራል።

ልጁ መናገር ከጀመረ በኋላም የሚያደርገው የሰማውን መድገም ብቻ አለመሆኑን ስሕተቱ ይመሰክራል። ሦስት ዓመት የሆናት የጎረቤታችን ልጅ እናቷን ስትጠራ «እማዬ፥ ምጪ!» ስትል ሰምቻታለሁ። ይኸን ቃል ማንም አላስተማራትም፤ በቤቷ የሚባለው «ነይ» ነውና። ነገር ግን «አትምጪ» ሲባል ሰምታለች፤ «አትሂጂ»ና «ሂጂ»ም ጥንድ መሆናቸውን ዐውቃለች። ከዚህ ተነሥታ ደንቡን ራሷ አወጣች፤ አማርኛ ራሱ ደንቡን ባፈረሰበት ቦታ እሷ አከበረችው። ጂን በርኮ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የታወቀ ጥናት ሕፃናት ሰምተውት ለማያውቁት፥ ለፈተናው ተብሎ ለተፈጠረ ቃል እንኳ ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ብዙ ቍጥር እንደሚያወጡ አሳይታለች። እናቶቻችን በእንዲህ ያለው ስሕተት ይሥቃሉ እንጂ አይቈጡም፤ ደግ ያደርጋሉ።

ነፍስ ማወቅ የሚባለው ብዙ ጊዜ በሰባት ዓመት ገደማ ነው። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ዣን ፒያዤም (1896–1980 እ.ኤ.አ.) ትልቁን የአስተሳሰብ ለውጥ ያደረገው በዚሁ ዕድሜ አካባቢ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ፒያዤ የልጅን አእምሮ በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ መጀመሪያ በመዳሰስና በመንቀሳቀስ፥ ቀጥሎ በምልክትና በቃል ግን በሚታየው መልክ እየተሳሳተ፥ ከዚያ በተጨባጭ ነገር ላይ በሥርዓት፥ በመጨረሻም በአሳብ ብቻ ያስባል ይላል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መሻገሩን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ፥ የዕቃው መልክ ሲለወጥ መጠኑ እንደማይለወጥ መረዳት ነው።

ይኸንኑ አምስት ዓመት በሆነው በእኅቴ ልጅ ሞክሬው ነበር። በሁለት እኩል ብርጭቆ እኩል ውሃ ቀዳሁና እኩል ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ እኩል ነው አለ። አንዱን ወደ ብርሌ ገለበጥሁትና ደግሜ ጠየቅሁት። በብርሌው አንገት ላይ ከፍ ብሎ ስላየው «ይኼ ይበልጣል» አለኝ። መጽሐፉ እንዳለው ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቈይቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በኛ ቤት ታላቅ ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ከጠየቀ የመጀመሪያው መልስ አልጣመውም ማለት ነው፤ በደንብ ያደገ ልጅም መልሱን ይለውጣል። በማግሥቱ ማሰሮውንም ብርሌውንም ለራሱ ሰጠሁትና እሱ ቀዳ፤ እኔም የጠየቅሁት በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። «ያው ነው፤ እኔ እኮ ነኝ የቀዳሁት» አለ። አንድ ልጅ ማስረጃ እንደማይሆን ዐውቃለሁ። ነገር ግን ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ በሴኔጋል ከወሎፍ ልጆች ጋር ባደረገችውና በ1966 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ተመሳሳይ ነገር አግኝታለች። ወደ ትምህርት ቤት ያልገቡት ልጆች ውሃውን ራሳቸው ሲገለብጡ ትክክል የሚመልሱት በዙ፤ ፈታኟ ስትገለብጥ ግን ከንጹሕ ስሌት ይልቅ ለታላቅ ሰው ድርጊት የሆነ ኀይል ይሰጡ ነበር። እንግዲህ ፈተና ልጁን ብቻ ሳይሆን በልጁና በፈታኙ መካከል ያለውንም ግንኙነት ጭምር ይለካል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፊደል ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እወዳለሁ። እኔ ሀሁን የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ነበር፥ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆችን «እንደ በቀቀን የሚደግሙ» እያልን እንሥቅባቸው ነበር። በከፍተኛ ትምህርት ቤት ያለን ሰዎችም ሽምደዳ የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ለስድብ እንጠቀምበታለን። ባለፈው ዓመት በአራዳ በአንድ የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ጥቂት ቀን ተቀምጬ ስሰማ ግን ነገሩን እንዳላወቅሁት ተረዳሁ።

ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ዘር ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ። ልጁ በስንደዶ እየነካ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ይወርዳል። ሰነፍ ይሁን ጐበዝ፥ መጀመሪያ የሚይዘው ዜማውንና ቦታውን ነው። በዚህ ጊዜ ጣትህን «ሚ» ላይ አሳርፈህ ምንድን ነው ብትለው ከ«መ» ተነሥቶ «መ ሙ» እያለ ካልመጣ አይደርስበትም። ይኸ ልጅ ፊደል ያውቃልን? እኛ ዘመናውያን አያውቅም እንላለን፤ የኔታም አያውቅም ይላሉ። ልዩነቱ የኔታ ለዚህ መድኀኒት ያላቸው መሆኑ ነው። ሀሁ እንዳለቀ ሌላ ገበታ ይመጣል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። እዚህ ላይ የፊደሉም ተራ ሌላ ነው፤ በአንዱ መስመር ላይ ግዕዙ፥ ካዕቡ፥ ሣልሱ፥ ራብዑ እያንዳንዱ ከሌላ ፊደል የተወሰደ ነው። የቀድሞው ዜማ ከእንግዲህ አይረዳም። ልጁ ወይ መልኩን ዐይቶ ይለያል፥ ወይ ዝም ይላል። መድገምን ከማወቅ የሚለይ ፈተና የሠሩት ሰዎች የሥነ ልቡና ላቦራቶሪ አልነበራቸውም።

ከዚያም በኋላ ነገሩ እንዲሁ በእርከን ነው። መልእክተ ዮሐንስ ላይ ሲደርስ በመጀመሪያ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻ ይጠራል። ቀጥሎ ግዕዝ፥ ከዚያ ውርድ ንባብ፥ በመጨረሻ ቁም ንባብ ይሆናል። ያንኑ ገጽ አራት ጊዜ በአራት ዓይነት ማንበብ ለተመልካች ከንቱ ድካም ይመስላል። ነገር ግን የፊደል መለየት ያለ ድካም ካልሆነ፥ አእምሮ ለዜማውና ለትርጉሙ የሚተርፈው ኀይል የለም፤ የዛሬው የንባብ ጥናትም የሚለው ይኸንኑ ነው። ደግሞም የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም። ዳዊት የደረሰው ለወንጌል ተማሪው፥ ወንጌል የደረሰው ለፊደል ቈጣሪው ያስቀጽላል። ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) ልጅ ብቻውን በሚችለውና ከእሱ የተሻለ ሰው ሲረዳው በሚችለው መካከል ያለው ስፍራ እውነተኛው የመማሪያ ቦታ ነው ብሎ ያስተማረውን፥ እዚህ በተግባር ሲሠራበት ማየት ይቻላል።

ያም ሆኖ ነገሩን ከመጠን በላይ ማሞገስ አይገባም። የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ የሚያነበው ግዕዝ ስለ ሆነ ድምፁ ሳይሰናከል ትርጉሙ ሳይገባው ለዓመታት ይቆያል። ከዚህም ጋር ንባብ መቻል አእምሮን በጠቅላላው ያሰላዋል የሚለው እምነት እንዳለ የሚያዝ አይደለም። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ ዘንድ ያደረጉት በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለኛ በጣም ይቀርበናል፤ ቫዮች እንደኛ በክፍለ ቃል የሚጻፍ የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ የሚማሩትም በትምህርት ቤት ሳይሆን አንዱ ከሌላው ነው። ፊደላቸውን ያወቁት ሰዎች ካላወቁት የበለጡት በጠቅላላ አስተሳሰብ ሳይሆን፥ ፊደሉ በሚያለማምደው በተለየ ሥራ ብቻ ነበር። የፊደሉ ብዛት ሕፃኑን ያስቸግራል ለሚሉት ደግሞ፥ በኤርትራ አንደኛ ክፍል ልጆች ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው የዮናስ መስፉን ዐስፈሃና የጓደኞቹ ጥናት መልስ ይሰጣል፤ በግዕዝ ፊደል የሚማሩት ልጆች ቍጥሩ ብዙ ቢሆንም በላቲን ከሚማሩት ይልቅ ንባብ ቀሏቸው ተገኝተዋል።

እነሆ ስሕተቴን ልናገር። በአንድ ክረምት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለሊስትሮ ልጆች በማታ ሒሳብና ንባብ እናስተምር ነበር። ከእነሱ አንዱ ከደቡብ አገር ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። 15 በ7 ሲባዛ ስንት ነው ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁለት። አምስት ጊዜ ሰባትን 35 ብሎ ጻፈ፤ አንድ ጊዜ ሰባትን ደግሞ 7 ብሎ በስተግራው ደረደረና «735» አለኝ። መልሱ ከጥያቄው ጋር መራራቁ ምንም አላሳሰበውም። እኔም በመዝገቡ ከስሙ አጠገብ «ደካማ» ብዬ አሰፈርሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከምኒልክ ሐውልት ወረድ ብዬ ስሄድ «ጋሼ፥ ይጠረግ?» ብሎ የጠራኝ ያው ልጅ ነበር። እግሬን ሣጥኑ ላይ አድርጌ፥ አንድ ጫማ 15 ብር ቢሆን ከሰባት ሰው ስንት ታገኛለህ አልሁት። ብሩሹ ሳይቆም «ሁለቱ ሠላሳ፤ አራቱ ስድሳ፤ ስድስቱ ዘጠና፤ አንዱ ሲጨመር መቶ አምስት» አለኝ።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን 735 አልህ?»

«ያ እኮ የሰሌዳ ነው፥ ጋሼ፤ ይኼ ገንዘብ ነው።»

ይኸ መልስ ከብዙ ትምህርት ይልቅ ጠቅሞኛል። ነገሩ በዓለም የታወቀ መሆኑን ያገኘሁት ኋላ ነው። በብራዚል አገር በሬሲፌ ከተማ ተሬዚንያ ካራኸርና ጓደኞቿ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው አምስት በመንገድ ላይ የሚሸጡ ልጆች በገበያ ከተጠየቁት 98 በመቶውን በትክክል መልሰዋል፤ እነዚያው ልጆች ያንኑ ዓይነት ሒሳብ በወረቀት በቍጥር ብቻ ሲሰጣቸው ግን በትክክል የሠሩት 37 በመቶውን ነው። በገበያ የሚጠቀሙበት መንገድ እንደ እኛው ሊስትሮ እየቈለሉ መሄድ ነበር፤ በወረቀት ግን ግማሽ በግማሽ የያዙትን የትምህርት ቤት ደንብ ይከተሉና ይጠፋሉ።

ከዚህ የምረዳው ልጁ በፒያዤ ደረጃ ላይ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መቆሙን አይደለም። ዕውቀት የተለማመደበትን ቦታ ይዞ ይኖራል፤ ከዚያ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መሻገሩ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ያን ሥራ ሳንሠራለት ልጁን ደካማ የምንል እኛ ነን። በገበያው በኩል ደግሞ የኮሌጅ ተማሪው ፋራ ነው። ነገር ግን የመንገዱን ሒሳብ ከሰሌዳው አስበልጠው የሚያመሰግኑትንም አልከተልም፤ 347ን በ68 በመቈለል ማባዛት የሚቻል አይደለም፤ የሰሌዳው ዘዴ ኀይሉ የሚቈጠረው ጫማ ይሁን ከዋክብት ግድ የማይሰጠው በመሆኑ ነው። ልጁም የሚያስፈልገው ሰሌዳውና ሣጥኑ አንድ ነገር እንደሚናገሩ የሚያሳየው ሰው ነበር። በሚቀጥለው ማታ 15ን ዐሥርና አምስት አድርገን ከፍለን፥ ዐሥሩን ሰባት ጊዜ 70፥ አምስቱን ሰባት ጊዜ 35 ብለን ደመርነው። «ያ 7 ለካ ሰባ ኖሯል!» አለ። መዝገቡ ላይ የጻፍሁትን ሰረዝሁት።

ቋንቋውም እንደዚሁ ነው። ያ ልጅ አዲስ አበባ ሲገባ አማርኛ አያውቅም ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን እኔ የማልችለውን የአራዳ ቋንቋ ጭምር ይናገር ጀመር። ቢሆንም በመጽሐፍ የተጻፈውን ጥያቄ ሲያነብ ይደናገራል። ጂም ከሚንስ በ1979 እ.ኤ.አ. የመወያያን ቋንቋና የትምህርትን ቋንቋ ለይቶ አሳይቷል፤ የመጀመሪያውን በሁለተኛ ቋንቋ ለመልመድ ሁለት ዓመት ያህል ሲበቃ ለሁለተኛው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያስፈልጋል ይላል። ልጁ ሲናገር የሰማ መምህር «አማርኛማ ያውቃል» ብሎ ይፈርዳል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሳይገባው ሲቀር የሚወቀሰው አእምሮው ይሆናል። ይኸ በሊስትሮው ብቻ የደረሰ አይደለም፤ እኔም ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ በሆነበት ዓመት የሳይንስን ትርጓሜዎች በቃሌ ይዤ ከፍተኛ ውጤት ሳገኝ፥ ከያዝኋቸው እኩሌታውን በአማርኛ ለእናቴ ማስረዳት አልችልም ነበር። እንግዲህ በቀቀን ብለን ከሣቅንባቸው ልጆች በምን ተለየሁ?

ልብ ስለ መግዛት ብዙ አልናገርም። አሳብን የሚገታውና የሚያመዛዝነው የአንጐል የፊት ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው ከሃያ ዓመት በኋላ መሆኑን ጥናቱ ያሳያል፤ ከአንባቢዎቼ ብዙዎቻችን ገና በመግዛቱ ላይ ነን ማለት ነው። ልብ ከተገዛ በኋላ መማር ያበቃል ማለት ግን አይደለም። ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቈጠሩት ጐልማሶችና አረጋውያን ይመሰክራሉ። በፖርቱጋል ተደርጎ በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመ የሞራይስና የጓደኞቹ ጥናትም፥ የቃልን የመጀመሪያ ድምፅ ነጥሎ ማውጣት ያልተማሩ ሰዎች የሚቸገሩበትን፥ ጐልማሳ ሆነው ማንበብ የተማሩት ግን የሚችሉት መሆኑን አሳይቷል።

መጃጀት የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያስራል። የመጀመሪያው በሁሉ ሰው ላይ የሚደርስ ዝግታ ነው። ሬይመንድ ካቴል አዲስ ነገርን ፈጥኖ የሚፈታውን ችሎታ ከዕድሜ ብዛት ከተከማቸው ዕውቀት ለይቶ አስተምሯል፤ ፊተኛው ከጐልማሳነት ጀምሮ ሲቀንስ፥ ኋለኛው፥ ከእሱም ጋር የቃላት ሀብት፥ እስከ እርጅና ጸንቶ ይኖራል። ሁለተኛው ዝግታ ሳይሆን የዘመን ልዩነት ነው። ዋርነር ሻይ በሲያትል ከተማ በ1956 እ.ኤ.አ. የጀመረው ረዥም ጥናት እንዳሳየው፥ የዛሬን ሽማግሌ ከዛሬ ወጣት ጋር በአንድ ቀን ብናወዳድር የምናየው ልዩነት፥ ያንኑ ሰው ለብዙ ዓመት ብንከታተል ከምናየው ይበልጣል፤ ብዙው ከትምህርት ቤትና ከኑሮ የመጣ ነውና። አባቶች ትምህርት ቤት ሳያዩ ልጆች ዩኒቨርሲቲ በገቡበት እንደኛ ባለ አገር ይኸን መርሳት ትልቅ ስሕተት ነው። ሦስተኛው እውነተኛ የአንጐል በሽታ ነው፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። «ጃጁ እኮ» እየተባለ በቤት የሚታለፈው ሕመምተኛ ጥቂት አይደለም፤ እንዲሁም ዘገዩ ተብለው ከጨዋታ የሚገለሉ ጤነኛ ሽማግሌዎች አሉ።

በሰፈራችን ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ አባት አሉ። እኔን ሁልጊዜ በታላቅ ወንድሜ ስም ነው የሚጠሩኝ፤ ዛሬ ምሳ ምን በሉ ቢሏቸውም ጥቂት ያስባሉ። በልጅነታቸው የተማሩትን ዳዊት ግን ከአንድ እስከ 150 ሳያዩ ይወርዱታል። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነው የጎረቤት ልጅ በደጃቸው ተቀምጦ ሲያነብ ከሳተ ከመደባቸው ሳይነሡ፥ መጽሐፉንም ሳያዩ ያርሙታል። ስሙን በየቀኑ ይጠይቁታል፤ እሱም በየቀኑ ይነግራቸዋል።